ከጣርማበር ወዲህ፣ ከጣርማበር ወዲያ

የደሴን መንገድ እወደዋለሁ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማበር፣ በሸዋ ሮቢትና በኮምቦልቻ አድርጎ ደሴ የሚደርሰውን፣ ከዚያም ወደ ወልድያና ወደ መቀሌ የሚቀጥለውን አውራ ጎዳና ማለቴ ነው። ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ብዙ ሰው ሌሊት ተነስቶ መናኸሪያ ተጋፍቶ ይሳፈራል፤ እስከ ደብረ ብርሃን ያንቀላፋል፤ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፤ ሮቢት ላይ ሹራቡን ያወልቃል፤ ሲመሽ ዘመዶቹ ቤት ይገባል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ነበር የምመላለሰው። መንገዱን ራሱን ማየት የጀመርኩት የጥንት ተጓዦች የጻፉትን እያነበብኩ፣ እነሱ የረገጡትን መሬት መኪና በሚሄድበት ላይ ስፈልግ ነው። አልገጥም አለኝ። የነገሥታቱ መንገድ ሌላ ቦታ ነው ያለው። የመጀመሪያው የመኪና መንገድ ተራራውን የሚሻገረው በሌላ በኩል ነው። ጣሊያን በተራራው ሆድ ውስጥ ቀዳዳ ከፍቷል። አንድ መንገድ ብለን የምንጠራው ብዙ መንገዶች ተደራርበውበት ነው፤ እያንዳንዱም የተሠራው ፊቱን ወደ ተለያየ አቅጣጫ አዙሮ ነው።

ይህን በዓይኔ ለማየት በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ገብሱ ወርቅ በመሰለበት ወር፣ ከከተማ ከተማ በሚኒባስ እየተቀባበልኩ፣ ደስ ባለኝ ቦታ እየወረድኩ ተጓዝኩ።

ለገጣፎን፣ ሰንዳፋን፣ አለልቱን፣ ሸኖን፣ ጫጫን አልፎ ደብረ ብርሃን እስኪደርስ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል፣ መንገዱ እምብዛም አይጠማዘዝም። ሜዳውን አይቶ ቀላል ሥራ ነበር የሚል ይኖራል። ግን ወደ ምዕራብ ቢያፈነግጥ የጀማ ሸለቆ ይጠብቀዋል፤ ወደ ምሥራቅ ቢያፈነግጥ ወደ አዋሽ የሚወርደው ገደል። መንገዱ የሚሄደው በሁለቱ መካከል፣ ውሃ ለሁለት በሚከፈልበት ከፍታ ላይ ነው። የጫጫና የበረሳ ወንዞች በጀማ በኩል ዓባይ ይገባሉ፤ ከገደሉ ጫፍ ወዲያ የሚዘንበው ዝናብ ግን አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ይህን ከፍታ መጀመሪያ የመረጠው መሐንዲስ አይደለም። ወንዝ ሲሞላ መሻገር የማይፈልግ ነጋዴ፣ ከብት የሚነዳ ገበሬ፣ ስንቅ የጫነ ሠራዊት ናቸው የመረጡት።

ሠራዊት ካልኩ አይቀር፣ ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን የልጅ ኢያሱን ዙፋን ለማስመለስ የወሎን ጦር ይዘው የመጡት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ሜዳ ላይ ከራስ ተፈሪና ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። እኔ ባለፍኩበት ቀን በዚያ ሜዳ ላይ ገብስ ይታጨድ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ ከነበርነው መካከል ስለ ሰገሌ ያነሳ አንድም ሰው አልነበረም፤ ጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ የጨነቃቸው የሽንኩርት ዋጋ ነበር። እኔ ግን አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ማየቴን መተው አልቻልኩም።

ደብረ ብርሃን ብርድ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯትና በሰማይ ለታየ ብርሃን የሰየሟት ከተማ ናት፤ ለእኛ ትውልድ ግን ብርድ ልብስ ማለት ናት። ብዙ ሳልቆይ የአንኮበርን መኪና ፈለግሁ፤ ዋናውን መንገድ ለመረዳት መጀመሪያ መንገዱ የተዋትን ከተማ ማየት አለብኝ ብዬ ስለነበር።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ መሬቱ ድንገት ያልቃል። አንኮበር በዚያ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች ናት። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ቆሜ ወደ ምሥራቅ ስመለከት፣ ደጋው በደረጃ እየወረደ፣ ዛፉ ወደ ግራር እየተለወጠ፣ በመጨረሻ ጭጋግ ውስጥ አፋር ሜዳ ይጠፋል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እዚህ ተቀምጠው ሲገዙ፣ ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ መንገድ ማለት በዚህ ገደል የሚወርደው ነበር። ከአንኮበር በታች አልዩ አምባ አለች፤ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ። ከዚያ በግመል አፋርን አቋርጦ ታጁራ፣ የቀይ ባሕር መግቢያ ላይ ይደረሳል። አሞሌ ጨው ይመጣል፤ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይሄዳል። ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ የአንኮበርን ውበት የሚያወሳ ይህንንም መዝለል የለበትም። የእንግሊዝ የሕንድ መንግሥት ልዑክ ሻለቃ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ወደ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው ከታጁራ ተነስቶ፣ ከአሳል የጨው ሐይቅ አጠገብ አልፎ፣ በዚሁ መንገድ ወጥቶ ነው። ከዚያም በሁለቱ መንግሥታት መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ያኔ ሸዋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባሕሩ አድርጋ ነበር።

ኮረብታው ላይ ያገኘኋቸው ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ ታች ዘርግተው አልዩ አምባን አሳዩኝ።

«አባቴ፣ በዚህ ወርደው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እንዴታ ልጄ፤ በልጅነቴ በርበሬና ጨው ለማምጣት። ጠዋት ወርደን፣ እዚያው አድረን፣ በማግሥቱ ነው የምንወጣው። አህያው ያውቀዋል፤ አንተ ዝም ብለህ ትከተለዋለህ።»

ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1870ዎቹ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ከጅቡቲ የተነሳው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የአንኮበር መንገድ ሥራ ፈታ። የባሕሩ ዕቃ በሌላ በር መግባት ጀመረ፤ ያ ብቻ በቃ። አሁን ያለችው ከተማ ትንሽ፣ ጸጥ ያለች፣ ልብ የምትነካ ናት፤ ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆኖ ጧት ፀሐይ ከአፋር ስትወጣ ያየ ሰው ለምን ነገሥታት እዚህ እንደተቀመጡ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ ወደ ሰሜን ቀጠልኩ።

ጣርማበር የደሴ መንገድ ልብ ነው። ያ ሁሉ ኪሎ ሜትር በሜዳ የመጣው ጎዳና ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የመሬቱ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚህ በኋላ መውረድ እንጂ ሌላ አማራጭ የለውም። ከሚኒባሱ ስወርድ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየወጣ መንገዱን ያቋርጥ ነበር። ከሥር የጭላዳ መንጋዎች ሣር እየነጩ፣ መኪናው ሲጮህ ቀና ብለው እያዩ፣ መልሰው ይነጫሉ። ብርዱ አጥንት ይገባል። ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች አንድ በአንድ ወደ ዋሻው አፍ ይጠጋሉ፤ መብራት ያበራሉ፤ ይገባሉ።

ዋሻው ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረውና በሙሶሊኒ ስም የጠራው ነው። እኔን የሳበኝ ግን ዋሻው ሳይሆን ከዋሻው በላይ ያለው ነው። አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ «የድሮው መንገድ ይኸውልህ» ብሎ እየመራ ሸንተረሩ ላይ አወጣኝ። ከዋሻው በፊት መኪና ጣርማበርን የሚሻገረው በላዩ ላይ ነበር። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከወረራው በፊት ባሉት ጥቂት ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ያስጠረጉት መንገድ ይህንን ሸንተረር ወጥቶ የሚወርድ ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጦር ግንባሩ ሲሄዱ በመኪና ወደ ደሴ የወረዱት በዚያ መንገድ ነው። ደሴ እንደገቡ ብዙም ሳይቆይ፣ ኅዳር 26 ቀን፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቧት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሱት ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ማሰብ ሌላ ነው። መጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተፈታ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ደሴን ይዞ በሺህ የሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎችን አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። በመንገዱ ላይ ትልቁ ችግር የሆነበት ጦር አልነበረም፤ ዝናቡ፣ ጭቃውና ጣርማበር ነበሩ። ኢትዮጵያውያን የጣርማበርን ዳገት በፈንጂ አፍርሰውት ነበር። ያ ሁሉ መኪና ከሥር ቆመ፤ ወታደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ ድንጋይ ተሸክሞ መንገዱን እስኪደለድል ጠበቀ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ይህ ተራራ ለዋና ከተማዋ የሰጣት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ግን ሰጥቷታል።

ጣሊያን ያንን መቆም የረሳው አይመስለኝም። አገሩን እንደያዘ በመጀመሪያ ካስጀመራቸው ሥራዎች አንዱ ከአስመራ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጎዳና ነበር። ከጣሊያን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሠራተኛ መጣ፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራም ብዙ ሕዝብ ድንጋይ ሲፈልጥና ሲሸከም ዋለ። መንገዱ ፊቱን ከምሥራቅ ወደ ሰሜን ያዞረው ያኔ ነው። የአንኮበር መንገድ ነጋዴ የሠራው ነው፤ ይህ ግን ጦር ከምፅዋና ከአስመራ በፍጥነት ወደ መሐል አገር እንዲደርስ የተሠራ ነው። የሸዋ አርበኞች፣ ራስ አበበ አረጋይና ሌሎችም፣ በመንዝና በአንኮበር በኩል ሆነው አላስተኛ ስላሉት፣ ጎዳናውን ለመጠበቅ ምሽግ መሥራት ነበረበት። የዚህ መንገድ ድንጋይ የተደረደረው በፍርሃትና በችኮላ መሆኑን እያወቅኩ፣ ከዋሻው በወዲያ በኩል ያለውን የድጋፍ ግንብ ሳይ ግን አድናቆቴን መደበቅ አልችልም። ድንጋዩ በእጅ ተጠርቦ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ የውሃ መውረጃው እንደ ትንሽ በር በቀስት ተሠርቶ፣ ከ70 ዓመት በላይ ክረምት አልፎበታል። የጠራቢዎቹ ስም የትም አልተጻፈም።

በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ ከእጁ ከወጣች በኋላ ወደ ደሴና ወደ አምባ አላጌ የሚሸሸው የጣሊያን ጦር መንገዱን ከኋላው እያፈረሰ ሄደ፤ ጣርማበርንም። የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ተከትሎት ሲወጣ ፍርስራሹን እየጠረገ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ በተመሳሳይ ተራራ ላይ ሁለት ባላንጣዎች ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። ጣርማበር ከተዘጋ ሰሜኑና መሐሉ እንደሚለያዩ ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ለጥገና ገንዘብም ማሽንም ስላልነበረ ጎዳናው መጎዳት ጀመረ። መንግሥት በመስከረም 1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ለመንገድ ተበደረ፤ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ አሜሪካውያን የመንገድ ባለሙያዎችም መጥተው አብረው ሠሩ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ መሥሪያ ቤቱን «አውራ ጎዳና» ብቻ ነው የሚለው። በየከተማው ዳር ግሬደር የቆመበት፣ ሬንጅ በርሜል የተደረደረበት ግቢ አለ፤ «አውራ ጎዳና ካምፕ» ይባላል። ለዚህ መንገድ ያለኝ ፍቅር ግማሹ ለእነዚያ ካምፖች ሠራተኞች ነው። መንገድ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጥ አይጠፋም፤ በነሐሴ ሌሊት ናዳ የዘጋውን ለመክፈት አካፋ ይዞ የሚወጣው ግን ካምፕ ውስጥ የሚያድር ሰው ነው።

ከዋሻው ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ እንደ ተጣለ መቀነት እጥፍጥፍ ብሎ ከሥር ይታያል። ደብረ ሲና 190ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ቆሎ በትናንሽ ላስቲክ የያዙ ልጆች ገና መኪናው ሳይቆም መስኮቱን ከበቡ። ምሳ የበላሁበት ቤት አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር አብረውኝ ተቀመጡ፤ በወጣትነታቸው ኤንትሬ ፊያት ላይ እህል ጭነው ከወሎ አዲስ አበባ ይመላለሱ ነበር።

«ጋሼ፣ ጣርማበርን ይፈሩት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«መፍራት ደግ ነው። የምትወጣበት ማርሽ ነው የሚያወርድህ። በዚያ ማርሽ ካልወረድክ ፍሬኑ ይግላል፤ ከጋለ አይዝም። ያን የናቀ ጓደኛ ነበረኝ፤ ነፍሱን ይማር» አሉና እጃቸውን ወደ ገደሉ ዘረጉ።

በዚህ አካባቢ የሚንቀሳቀሰው መኪናው ብቻ አይደለም። መሬቱም ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. መባቻ ከደብረ ሲና አቅራቢያ ይዛባ ወይን በሚባለው ስፍራ ተራራው ከነሰብሉ፣ ከነቤቱ ተንሸራቶ ብዙ ገበሬ መሬት አልባ አድርጓል። ጠፍጣፋ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ የሚቆረስበት ጫፍ ስለሆነ፣ ውሃ የጠጣው አፈር በየክረምቱ ቁልቁል ይጓዛል። በዚህ ላይ የተሠራ መንገድ አንዴ ተሠርቶ አያልቅም።

ከደብረ ሲና ሸዋ ሮቢት 35 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ አጭር ርቀት ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከገብስ ወደ ማሾና ፓፓያ ይወረዳል። ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። እዚያ የባቡሩን ሥራ አየሁት፤ ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር እየተቆፈረ ነበር። ጣርማበርን አይወጣም። ከአዋሽ በቆላው በኩል መጥቶ ሮቢት ላይ ከአውራ ጎዳናው ጋር ይገናኛል። ደብረ ብርሃንንና ያንን ሁሉ ቅዝቃዜ ትቶት ነው የሚያልፈው። ይህን ሳይ አንኮበር ትዝ አለችኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት ይህንኑ አስፋልት ተከትሎ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ነበር። በ2010 እዚያ ሳልፍ ፓፓያ የሸጠችልኝ ወጣት የት እንደገባች ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ሰንበቴ የምትባለው ከተማ ገበያዋ እሑድ ነው፤ አፋሩ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት፣ ግመል ከአህያ ጎን የሚቆምበት ገበያ። እድለኛ ሆኜ እሑድ ነበር የደረስኩት። ሴቶቹ በጥቁር ሻሽ፣ በብር ጌጥ፣ ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቀው፤ ጨው፣ ጥጥ፣ ቅቤ፣ ማሽላ። የአልዩ አምባ ሲራራ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ ካለ፣ ቁራሹ እዚህ አለ።

ካራቆሬ ላይ ሻይ የምታፈላ ሴት ቤት አረፍኩ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦትና ሰኔ ይህንን አገር የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ በኢትዮጵያ ከተመዘገቡት ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከመንገዱ በስተ ምዕራብ ያለችው ማጀቴ ፈረሰች፤ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎዳች። አስፋልቱ ተሰነጠቀ፤ ቋጥኝ ተንከባልሎ መንገዱን ዘጋው። ሴትዮዋ ያኔ አልተወለደችም።

«እናቴ ስትነግረኝ፣ ለሳምንታት ውጭ ነው ያደሩት። መሬቱ በቆመ ቁጥር ይመለሳል ብለው ቤት አይገቡም» አለችኝ። «መንገዱስ?» ስላት፣ «መንገዱ ላይ ነዋ ያደሩት! ግድግዳ የሌለው እሱ ብቻ ነው» አለች።

ከሚሴን፣ የቦርከናን ጨፋና ሐርቡን በችኮላ አለፍኩ፤ ጨፋው ለምለም ነው፤ ከብቱ ደንዳና ነው፤ ሙቀቱ ግን አላስቆመኝም።

ኮምቦልቻ ላይ ጎዳናው ሹካ ይሆናል። አንደኛው ወደ ሰሜን ደሴ ይወጣል፤ ሌላው በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ይወርዳል። ጣሊያን ይህን የሠራው ደሴን ከአሰብ ወደብ ጋር ለማገናኘት ነው፤ ለረጅም ጊዜም የአገሪቱ ዕቃ በዚህ ይመጣ ነበር። በ1990 ዓ.ም. ግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ከሚሌ ወዲያ መኪናዎቹ መሪያቸውን ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ አዞሩ። ኮምቦልቻ አልሞተችም፤ ፋብሪካ አላት፤ መገናኛነቷንም አላጣችም። ግን እዚያ ያነጋገርኩት የጋራዥ ባለቤት የአሰብን ዘመን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል፤ ጨው ከጫማ ላይ የሚራገፍበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ምግብ ቤት የማይዘጋበት ዘመን።

ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ነው። ደሴ ደረስኩ፤ ሸዋ በር አካባቢ አደርኩ፤ በማግሥቱ የንጉሥ ሚካኤልን ዓይጠየፍ አዳራሽ ጎበኘሁ፤ ጦሳ ተራራ ደመና ለብሶ ነበር። ስለ ደሴ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን ከደሴ ወደ ወልድያ ስላለው መንገድ መናገር ያለብኝ ነገር አለ።

በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርጎ ወልድያ፣ ከዚያም ቆቦና አላማጣ። ውጫሌ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመባት ስፍራ ናት፤ ሐይቅ ደግሞ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለባት። አገሩ እጅግ ያማረ ነው። ግን ከ1965 እስከ 1966 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ገበሬው ከብቱ ካለቀ በኋላ ልጁን አዝሎ የወረደው ወደዚህ አስፋልት ነው። ወደ ጎዳናው የመጣው መኪና ስለሚያልፍበት፣ የሚያልፍ ሰው ስለሚያይ ነው። ረሃቡ በየሸለቆው ሳለ መንግሥት ሊሸፍነው ቻለ፤ መንገድ ዳር ሲወጣ ግን መሸፈን አልተቻለም። በጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ነገሩን ለዓለም አወጣው። በ1977ም ቢሆን ቢቢሲ ያሳየው የኮረም መጠለያ ያለው በዚሁ ጎዳና ላይ ነው። አውራ ጎዳና ለጦር ተሠራ፤ ለንግድ ዋለ፤ ከዚያ ግን ማንም ያላቀደውን አንድ ሥራ ሠራ። ያልታየውን ሕዝብ አሳየ። በመርሳና በወልድያ መካከል ስሄድ በመንገዱ ዳርና ዳር ያለውን ማሽላ አይ ነበር፤ ዘለላው ከብዶ ጎንበስ ብሏል፤ ወፍ ጠባቂ ልጆች ማማ ላይ ሆነው ወንጭፍ ያስጮሃሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ከማለት በቀር ቃል አጣሁ።

አላማጣ ላይ መንገዱ እንደገና ለሁለት ይከፈላል። የጣሊያኑ መስመር ግራ ካሕሱ የሚባለውን አስፈሪ ዳገት እየዞረ ወጥቶ ኮረምን፣ ማይጨውንና አምባ አላጌን ያልፋል። አዲሱ ደግሞ ተራራዎቹን በስተ ግራ ትቶ በራያ ሜዳ ቀጥ ብሎ መኾኒ ይደርሳል፤ ከዚያ ሕዋነ ላይ ከአሮጌው ጋር ይጋጠማል። በ1989 ዓ.ም. የተጀመረው የመንገድ ልማት ፕሮግራም አገሪቱን በአዳዲስ አስፋልት ሲያገናኝ፣ ከባድ መኪና ተራራ የሚወጣበት ምክንያት ቀነሰ። ነዳጅ ይቆጠባል፤ ፍሬን አይግልም፤ ሹፌር አይሞትም። ትክክለኛ ምርጫ ነው። እኔ ግን በግራ ካሕሱ ወጣሁ፤ እጥፋቱን አንድ በአንድ፣ ራያ ከሥር እየሰፋ።

ኮረም ያደርኩበት ቤት ባለቤት እራት እያቀረበችልኝ ድሮ ግቢዋ ውስጥ ተሳቢ መኪናዎች ተሰልፈው የሚያድሩበትን ጊዜ አነሳች። «አሁን የሚመጣው አውቶቡስና እንዳንተ ያለ ሰው ነው» አለች። አዘንሽ ወይ ብዬ ስጠይቃት ራሷን ነቀነቀች። እህቷ መኾኒ ላይ ቦታ ገዝታለች፤ በመጪው በጋ ስምንት አልጋ ያለው ቤት ይከፍታሉ፤ ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ አሸዋው ብቻ ይቀራል፤ እሱን ደግሞ የሚያመጣላትን ከአላማጣ የሚመጣ ገልባጭ መኪና ስትጠብቅ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው።